የ14 ዓመት ልጅ ያለ አሳዳጊ ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ፤ ወረቀቱ ላይ ዕድሜው 16 ተብሎ ተሞልቷል

መርፌና ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሕግ አላውቅም። የወንድሜን ልጅ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ የማሳድገው እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ፖሊስ ይዞት ሄደ። አንድ ሰው ስልኩን ከእጁ ላይ ተነጥቆ «ከነዚህ ልጆች አንዱ ነው» ብሎ ጠቁሟል።

እኔ የሰማሁት አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው፣ ያውም የጎረቤት ልጅ ሮጣ መጥታ ነግራኝ። ማሽኑን እንኳ ሳላጠፋ ወጣሁ። ጣቢያ ስደርስ ልጁ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሞ ጨርሷል። ተረኛው «አንቺ ማነሽ?» አለኝ። አክስቱ ነኝ፣ አሳዳጊው ነኝ ስለው «በቃ ጨርሰናል፣ እዚያ ጋ ተቀመጪ» አለኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ «በተፈለገ ጊዜ አቀርበዋለሁ» ብዬ ፈርሜ ይዤው ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ይዤው እንድመጣ ተነግሮኛል።

ቤት ገብተን ምን አልካቸው አልኩት። መጀመሪያ አላየሁም ብሏል። ከዚያ መርማሪው «ጓደኞችህ አንተን ተናግረዋል፤ እውነቱን ካወጣህ አሁኑኑ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ካላወጣህ እዚሁ ታድራለህ» ሲለው «እኔ ነኝ የያዝኩት» አለ። ይዘኸው ነበር ወይ? ብለው «አልያዝኩም፤ ማደር ፈርቼ ነው» አለኝና አለቀሰ። ወረቀቱን አንብበኸዋል? «የእጅ ጽሑፉ አይነበብም፤ እዚህ ጋ ፈርም አለኝ።» ፊርማ የለውም እኮ! ፈተና ወረቀት ላይ እንደሚጽፈው ስሙን ከነአባቱ ጽፎ፣ ከሥሩ «8ኛ ለ» ብሎ ክፍሉን ጨምሮበታል። ይህን ስሰማ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ሌላው ነገር ዕድሜው ነው። ስፈርም ወረቀቱን አጮልቄ አየሁት፤ ዕድሜ የሚለው ቦታ 16 ይላል። ልጁ በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው የተወለደው፣ ገና 14 ነው። ቁመቱ ግን አንድ ሜትር ከ74 ነው፤ በሜትሬ የለካሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ብቻ የዩኒፎርም ሱሪውን ሁለቴ ጫፉን ተርትሬ አስረዝሜለታለሁ፣ ከእንግዲህ የሚተረተር ጨርቅ የለውም። ያየው ሁሉ ትልቅ ሰው ይመስለዋል። የልደት ሰርተፊኬት አላወጣሁለትም።

ጥያቄዬ፦ እኔ ሳልኖር ሊጠይቁት ይችሉ ነበር? የፈረመው ነገር በቃ ተፈረደበት ማለት ነው? 16 መባሉስ ምን ያመጣል? ሰኞ ሩቅ አይደለምና የምታውቁ ንገሩኝ።

አቦ ሰጡ፦

እህቴ ምንም አትጨነቂ። ባለ ስልኩን አፈላልጊው፣ ሁለት ሽማግሌ ላኪ፣ የስልኩን ዋጋ ስጡትና «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ይፈርም። መዝገቡ ይዘጋል። ሕግ ሕግ ካልሽ ነው ነገሩ የሚጠነክረው።

ሃያ ሁለት ዓመት በመለዮ፦

አቦ ሰጡ፣ ልብህ መልካም ነው፤ ምክርህ ግን ልጁን ያስበላዋል። ስርቆት ተበዳዩ «ትቼዋለሁ» ስላለ ብቻ የሚቆም ክስ አይደለም። እርቁ ይጠቅማል፣ አይከፋም። ግን በሽማግሌ ፊት «ልጃችን ስለወሰደው ስልክ ካሳ ከፍለናል» የሚል ወረቀት ከተጻፈ ያ ወረቀት ራሱ ማስረጃ ሆኖ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። አይቻለሁ።

እህቴ፣ እኔ መርማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ዕድሜው ልንገርሽ። የተከሳሽነት ቃል መቀበያው ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሥራ የሚሉ ቦታዎች አሉ። ወረፋው ሲበዛ፣ ባለ ስልኩ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ፣ ዕድሜን ጠይቆ የሚሞላ አለ፣ አይቶ የሚሞላም አለ። እኔም ልጅን በዓይኔ ለክቼ ሞልቼ አውቃለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን «ረዘም ያለ ነው፣ ጢሙ ሊወጣ ነው፣ 17 በለው» ነበር ነገሩ። ያቺ ቁጥር ምን እንደምታመጣ ማናችንም ቆም ብለን አላሰብንም። ስለዚህ የጻፈው ሰው የግድ ጠላትሽ ነው ብለሽ አትነሺ፤ ብዙ ጊዜ ቸኩሎ ነው። ሰኞ ስትገቢ አትጩሂ። «የልጁ ዕድሜ ተሳስቶ ተሞልቷል፣ ማስረጃ ይዣለሁ፣ ይታረምልኝ፤ አቤቱታዬም ከመዝገቡ ጋር ይያያዝልኝ» በይ። በጽሑፍ ስጪ፣ ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርምልሽ።

«ጓደኞችህ ተናግረዋል» ያለው የቆየ ዘዴ ነው። ሦስቱንም ለየብቻ እንደዚያ ብሏቸው ይሆናል።

ደንብ ቁጥር፦

ለአሥራ ስምንት ዓመት ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የልጆች መዝገብ ነበር የምይዘው። እህቴ፣ ጥያቄሽን ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው።

በወንጀል ሕጋችን (በ1996 ወጥቶ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው) ዕድሜ ሦስት በር አለው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፣ አንቀጽ 52 ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው በአንቀጽ 53 «ወጣት ጥፋተኛ» ይባላል፤ ለአዋቂ የተጻፈው ቅጣት አይነካውም፣ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋርም አይታሰርም። ጥፋተኛ ቢባል እንኳ የሚወሰንበት ከአንቀጽ 157 ጀምሮ የተዘረዘረው ነው፦ ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ክትትል ያለበት ትምህርት፣ ወይም ጠባይ ማረሚያ መግባት። አሥራ አምስትን አልፎ አሥራ ስምንት ያልሞላው ግን በአንቀጽ 56 የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ በሩ የአዋቂው በር ነው።

ስለዚህ 14 የነበረውን 16 ብሎ የሞላ እጅ ልጁን ከአንዱ በር ወስዶ በሌላው አስገብቶታል። ስለ ጥፋቱ ገና አንድ ቃል ሳይነገር ማለት ነው። እኔ የልጅ መዝገብ ስከፍት መጀመሪያ የማየው የክሱን ፍሬ ነገር አልነበረም፣ ዕድሜ የሚለውን መስመር ነበር። ሰረዝ ድልዝ ካለበት ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ሰው ጥያቄ አንስቷል ማለት ነዋ።

አሁን ወደ መጀመሪያው። ለወጣት ጥፋተኛ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 171 ጀምሮ የተለየ መንገድ አበጅቷል። አንቀጽ 172 ልጁ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። «ወዲያውኑ» የምትለዋን አስምሪባት። ጣቢያ አስቀምጦ፣ ቃል ተቀብሎ፣ አስፈርሞ፣ ሲመቸው የሚወስድ ሳይሆን። ምርመራው እንዴት ይካሄድ የሚለውን ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠውም ፍርድ ቤቱ ነው። ጉዳዩ ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ የተረከበውም በቀጠሮው ቀን ለማቅረብ ኃላፊ ይሆናል።

«ወላጅ ከሌለ መጠየቅ ክልክል ነው» የሚል ቁልጭ ያለ መስመር በ1954ቱ ሕግ ውስጥ አላሳይሽም። ጣቢያ ሄደሽ እንደዚያ ብትይ «የቱ አንቀጽ ነው?» ብለው ያፋጥጡሻል። የምትይው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ከቅርብ ዘመዱና ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ዕድል ይሰጠዋል። አገራችን በ1984 በአዋጅ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 40 የተጠረጠረ ልጅ ክሱን ካስፈለገም በወላጆቹ ወይም በአሳዳጊው በኩል እንዲያውቅ፣ የሕግ ወይም ሌላ ተስማሚ እርዳታ እንዲያገኝ፣ ጥፋተኛ ነኝ እንዲል እንዳይገደድ ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። «ይህ የውጭ ወረቀት ነው» የሚል ካጋጠመሽ እሷን አንቀጽ ጥሪለት።

ስለ ፊርማው። አልተፈረደበትም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ማንም የተጠረጠረ ሰው ከመጠየቁ በፊት ያለመመለስ መብት እንዳለው፣ ከተናገረም ቃሉ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ይነገረዋል። ልጁ ይህ ተነግሮት ነበር? አንቀጽ 31 ደግሞ መርማሪ ማባበያ፣ ዛቻ፣ ተስፋ ወይም ሌላ ያልተገባ ዘዴ እንዳይጠቀም ይከለክላል። «ካወጣህ ትሄዳለህ፣ ካላወጣህ ታድራለህ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተስፋም ዛቻም ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ይህን ሁሉ ግን አንቺ አትከራከሪበት። ልጁ ዳኛው ፊት ሲጠየቅ ለአንቺ እንደነገረሽ አድርጎ ይናገር፤ «ማደር ፈርቼ ነው» የምትለዋ ቃል ከእኔ አንቀጽ ሁሉ ትበልጣለች። አታስጠኚው። የተጠና ልጅ ከንግግሩ ይታወቃል፣ ዳኞችም ወዲያው ይገባቸዋል።

ያቺ «8ኛ ለ» የምትለዋ ነገር እንዳትጠፋ።

መርፌና ክር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ያለመመለስ መብት» የሚባል ነገር ነግረውህ ነበር ወይ አልኩት። «አይ፣ ዝም ካልክ ጥፋተኛ ነህ ነው ያለኝ» አለ። ለማስረጃው የክትባት ካርዱ አለ፤ ጫፉ ተበልቷል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። ይበቃል? ጠበቃ መግዛትስ አለብኝ? አቅሜ አይፈቅድም።

ደንብ ቁጥር፦

ካርዱ ጥሩ ነው። የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጅሽ ከዚያ በፊት ስለተወለደ ሰርተፊኬት አለመኖሩ ማንንም አይገርምም። ከካርዱ ጋር ከትምህርት ቤቱ ዕድሜውን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጪ፣ የክርስትና ወረቀት ካለውም ጨምሪ። ሁለት የተለያየ ቦታ የተጻፈ አንድ ቀን ብርቱ ማስረጃ ነው። ጥርጣሬ ካለ ፍርድ ቤቱ ሐኪም ቤት ልኮ በምርመራ ያስገምታል፤ ግምት ግን ግምት ነው፣ አንድም ሁለትም ዓመት ሊስት ይችላል። ስለዚህ ወረቀት ካለሽ ወደዚያ እንዳይሄድ አድርጊ።

ጠበቃን በተመለከተ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 174 ፍርድ ቤቱ ራሱ ጠበቃ የሚያቆምባቸውን ሁለት ሁኔታዎች ያስቀምጣል፦ ልጁን ወክሎ የሚቀርብ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ከሌለ፣ ወይም ወንጀሉ ከአሥር ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ። እዚህ ላይ የክሱን ስም በደንብ አጣሪ። ተራ ስርቆት (አንቀጽ 665) እስከ አምስት ዓመት ነው። «ነጥቆ፣ አስፈራርቶ» ተብሎ ውንብድና (አንቀጽ 670) ከተደረገ ግን እስከ አሥራ አምስት ይሄዳል፤ ያኔ ጠበቃ የግድ ነው። ዝቅ ቢልም ከመጠየቅ አትቦዝኚ። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፤ ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከሎች አሏቸው።

የሁለት ወንዶች እናት፦

የኔ እህት፣ እኔም ደርሶብኛል፤ የእኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሕጉን ሰዎቹ ነግረውሻል፣ እኔ ስለ ኮሪደሩ ልንገርሽ። ሰኞ ብዙ ትጠብቃላችሁ። በጥበቃው መሃል አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ፈገግ እያለ ይመጣና ልጅሽን «እሺ ጎበዝ፣ እንዴት ነበር ነገሩ?» ይለዋል። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ልጅ ግን ፈገግ ላለለት ሁሉ ይዘረግፋል። እኔ ውኃ ልገዛ ብዬ አምስት ደቂቃ ዞር ባልኩበት ልጄ ሁለተኛ ታሪክ አውርቶ ጠበቀኝ። ከአጠገቡ አትነሺ፤ ሽንት ቤት ብትሄጂ እንኳ ይዘሽው ሂጂ።

ደግሞ ቤት ውስጥ አትምቺው። እኔ መትቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ለእኔም እውነቱን መናገር አቆመ፣ እውነቱን ለመስማት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

መርፌና ክር፦

ሰኞ ሄድን፤ እንደነገራችሁኝ ነው ያደረግኩት። አቤቱታውን ትምህርት ቤት ጸሐፊዋ ጻፈችልኝ፣ ሦስት መስመር ናት። መርማሪው ሌላ ሰው ነበር፤ ካርዱን አገላብጦ አየና «ታዲያ ሐሙስ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ። ተቀመጪ ተብዬ ነበራ! ምላሴ ላይ ደርሶ ተውኩት። «ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብልኝ» ብቻ አልኩ። ትንሽ አንገራገረ፣ ከኃላፊው ጋር ተነጋገረ፣ ከሰዓት በኋላ ወሰዱን።

ችሎት ያለ መስሎኝ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ግን በቢሮ ውስጥ ነው ያየችን፤ ዳኛዋ፣ ጸሐፊው፣ ፖሊሱ፣ እኔና ልጁ ብቻ። ሌላ ሰው አላስገቡም። ዳኛዋ ወረቀቱን አየች፣ ልጁን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» ብላ ጣቷን ያቺ «8ኛ ለ» ላይ አደረገች። አዎ አለ። «ለምን ክፍልህን ጻፍክ?» አለችው። «ስም ስትጽፉ ክፍላችሁን አትርሱ ስለሚሉን» አላት። ፖሊሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀስ ብላ ሐሙስ ለት የሆነውን ጠየቀችው፤ ነገራት። ማደሩንም ነገራት። እያስጻፈች ነበር።

ዕድሜው 14 ተብሎ እንዲታረም አዘዘች። ባለ ስልኩና ምስክሮቹ ቃላቸውን ይስጡ፣ ልጁ ደግሞ ያለ አሳዳጊው እንዳይጠየቅ ብላ ለሦስት ሳምንት ቀጠረች። እኔ ተረከብኩት። ስለዚህ አላለቀም፤ ግን ማታ ተኝቶ አደረ፣ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ናቸው፣ በቁመት ደግሞ ከልጄ ያጥራል፣ ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሰው። ዕድሜው ግን 15 ዓመት ከአምስት ወር ነው። እሱን ሐሙስ አልለቀቁትም። ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት አቅርበው ለምርመራ ታስሮ እንዲቆይ ሰባት ቀን ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠበት። ያለው ጣቢያ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እናቱ ዛሬ እኔ ጋ መጥታ «ያንቺ እንዴት ወጣ?» አለችኝ። ያንቺ 15ን በአምስት ወር ስላለፈ ነው ብዬ እንዴት እነግራታለሁ?

ደንብ ቁጥር፦

ይህ ነው ሥራዬን ስሠራ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ። ከ15 እስከ 18 ያለው ልጅ በሕጋችን ስንጥቅ ውስጥ ወድቋል፤ ለቅጣት ሲሆን እንደ አዋቂ ነው የሚዳኘው፣ ለሌላው ሁሉ ሕፃን ነው። ግን ባዶ እጁን አይደለም። የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሕፃን የሚለው 18 ያልሞላውን ነው፤ አንቀጽ 37 ደግሞ የታሰረ ልጅ ከአዋቂ ይለይ፣ እስራት የመጨረሻ አማራጭና በተቻለ መጠን አጭር ይሁን ይላል። ሰባቱ ቀን እስኪያልቅ መጠበቅ የለባችሁም። ነገ እናቱ ለጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ «ልጄ ከአዋቂዎች ተለይቶ ይቀመጥልኝ» ትበል፤ እምቢ ካሉ ያንኑ ወረቀት ይዛ ጊዜ ቀጠሮ የሰጠው ችሎት ዘንድ ትሂድና ዋስትናም አብራ ትጠይቅ። ስልክ ነው የጠፋው፣ የሞተ ሰው የለም፤ ዋስትና የሚያስከለክል አይደለም። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንም ማረፊያ ቤቶችን ይጎበኛል፤ ልጅ ከአዋቂ ጋር ታስሯል የሚል አቤቱታ ይቀበላሉ።

የእሱንም የዕድሜ ማስረጃ ያዙ።

መርፌና ክር፦

ነገ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ሥራውን ለከሰዓት አሸጋግሬዋለሁ። የክትባት ካርዱን ይዛ መጥታ ነበር፤ 15 ማለፉን ስለሚያሳይ ይጎዳዋል ብዬ «እሱን ተይው፣ ቤት አስቀምጪው» ብያት ነበር። መልስህን ሳነብ ነው 18 አለመሙላቱን የሚያሳየውም እሱው መሆኑ የገባኝ። አሁን ሄጄ አምጪው አልኳት። በፌስታል ጠቅልላ ከነጠላዋ ጋር በር ላይ ሰቅላዋለች።